ለቤት ሙዚቃ ተብለው በውድ የሚሸጡ የኔትወርክ ስዊቾች፣ የዩኤስቢ ገመዶችና ማጣሪያዎች በእርግጥ ይጠቅማሉ?

የሲኤምሲው አድማጭ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ወዳጆች። ሳሎኔ ውስጥ ያለው የሙዚቃ መሣሪያ ይህን ያህል የሚወራለት አይደለም፤ ላፕቶፕ፣ ከላፕቶፑ ጋር በዩኤስቢ የተያያዘ አነስተኛ ዳክ (የዲጂታሉን ቁጥር ወደ ድምፅ ምልክት የሚለውጥ መሣሪያ)፣ ያገለገለ አምፕሊፋየርና ሁለት መካከለኛ ስፒከሮች ናቸው። ሙዚቃውን በከፊል ከሃርድ ዲስክ፣ በከፊል ደግሞ በኢንተርኔት ከሚያሰሙ አገልግሎቶች እሰማለሁ። አብዛኛው በሸክላና በካሴት ወጥተው በኋላ ወደ ዲጂታል የተገለበጡ የቀድሞ የአማርኛ ዘፈኖች ሲሆኑ የቀረው ጃዝ ነው።

የእህቴ ልጅ በሚቀጥለው ወር ከዱባይ ስለሚመጣ ለሙዚቃው የሚያስፈልገኝን እንድነግረው ጠይቆኛል። አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ሻጭ ባማክር ስፒከሩንም አምፑንም ሳያነሳ ሦስት ነገሮች እንዳስመጣ ነገረኝ፦ «ለኦዲዮ ተብሎ የተሠራ» የኔትወርክ ስዊች (የኔትወርክ ገመዶችን የሚያገናኝ ሣጥን) በ600 ዶላር ገደማ፣ የብር ሽቦ ያለው የዩኤስቢ ገመድ በ250 ዶላር፣ እንዲሁም በላፕቶፑና በዳኩ መካከል የሚገባ «ድምፅ የሚያጠራ» ትንሽ ሣጥን በ180 ዶላር። እነዚህ ሲገቡ በድምፁ ላይ ያለው መጋረጃ ይነሳል፣ ባሱም ይጠነክራል አለኝ። ጥያቄዬ ቀላል ነው፤ ዲጂታል ማለት ዜሮና አንድ ከሆነ የብር ሽቦ ዜሮውን እንዴት አድርጎ ያሳምረዋል?

ነገር ግን ሙሉ በሙሉ እንዳልንቀው የሚያደርገኝ አንድ ነገር አለ። ላፕቶፑ ቻርጅ ሲደረግ ከስፒከሮቹ ቀጭን ጩኸትና ዝቅ ያለ ማጉረምረም ይሰማል፤ ማውዙን ሳንቀሳቅስም ጩኸቱ ይለዋወጣል። ሻጩ ይህን ስነግረው «አየህ፣ ዲጂታሉ ቆሻሻ ስለሆነ ነው» አለኝ። ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ከማስወጣቴ በፊት የምታውቁ ሰዎች ብትመክሩኝ ደስ ይለኛል።


ፓኬት፦

የተከበሩ ጠያቂ፣ ሥራዬ የኔትወርክ ዝርጋታ ስለሆነ የምመልሰው ስለ ስዊቹ ብቻ ነው፤ የዩኤስቢውንና የጩኸቱን ጉዳይ የድምፅ ባለሙያዎች ቢያዩልዎት ይሻላል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ላፕቶፕዎ ኢንተርኔት የሚያገኘው በዋይፋይ ነው ወይስ በገመድ? በዋይፋይ ከሆነ ስዊቹ በእርስዎና በሙዚቃው መካከል የሚገባበት ቦታ የለም። ከሃርድ ዲስክ የሚሰሟቸው ዘፈኖችማ ጭራሽ በኔትወርክ አያልፉም። ሻጩ ይህን እንኳ ሳይጠይቅ 600 ዶላር ሊያስወጣዎ ከሆነ የመከረዎ የእርስዎን መሣሪያ አይቶ አይደለም።

ስዊቹ በመንገዱ ላይ አለ ብለን እናስብ። በኔትወርክ የሚጓዘው ድምፅ ሳይሆን በትንንሽ ፓኬቶች የተከፋፈለ ፋይል ነው። እያንዳንዱ የኢተርኔት (በገመድ የሚሠራው ኔትወርክ) ፍሬም፣ ማለትም ጥቅል፣ ባለ 32 ቢት የማረጋገጫ ቁጥር ይዞ ስለሚጓዝ በመንገድ ላይ ይዘቱ ከተበላሸ ተቀባዩ ለይቶ ይጥለዋል፤ የሙዚቃ አገልግሎቶች የሚጠቀሙበት ቲሲፒ የተባለው የመላኪያ ሥርዓት ደግሞ የጎደለው እንደገና እንዲላክ ያደርጋል። የጭነቱም መጠን እጅግ ትንሽ ነው። የሲዲ ጥራት ያለው ሙዚቃ ሳይጨመቅ በሴኮንድ 1.4 ሜጋቢት ገደማ ይፈልጋል፤ ከሲዲ የላቀው ባለ 24 ቢትና 192 ኪሎኸርዝ ቅጂ እንኳ 9.2 ሜጋቢት አካባቢ ነው። ማንኛውም ቢሮ ውስጥ የሚገኘው ተራ ስዊች በየመሰኪያው 1000 ሜጋቢት ያሳልፋል።

ይህን በቃል ከማመን ይልቅ በነጻ ሊሞክሩት ይችላሉ። ከኔትወርክ ጋር በገመድ በተገናኘ ኮምፒዩተር ላይ አንድ ዘፈን ያስጀምሩና ጥቂት ቆይተው የኔትወርኩን ገመድ ይንቀሉት። ሙዚቃው ወዲያው አይቆምም፤ እንደ ፕሮግራሙ ዓይነት ለተወሰኑ ሴኮንዶች፣ አንዳንዴም ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ ይቀጥላል፤ የሚጫወተው ቀድሞ ተልኮ በኮምፒዩተሩ ሜሞሪ ውስጥ ከተጠራቀመው ነውና። በዚያን ጊዜ ስዊቹም ገመዱም ከመሣሪያዎ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም። ከስዊቹ የሚመጣ ብክለት ድምፁን ሲያበላሸው ከነበረ ገመዱ ሲነቀል ድምፁ ሊጠራ፣ ሲሰካ ደግሞ መልሶ ሊደበዝዝ ይገባው ነበር። ይህን ለውጥ ሰማሁ የሚል ሻጭ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም፤ እውነት ቢሆን ኖሮ ከዚህ የበለጠ ማስታወቂያ ባላስፈለጋቸውም ነበር።

ሻጮቹ አጥብቀው የሚይዙት ሌላው ነገር ክሎኩ፣ ማለትም የመሣሪያውን ጊዜ የሚቆጥረው ክፍል ነው፤ «በስዊቹ ውስጥ እጅግ ትክክለኛ ክሪስታል አስገብተናል» ይላሉ። የስዊቹ ክሪስታል ብዙውን ጊዜ 25 ሜጋኸርዝ ሲሆን ሥራው የኢተርኔቱን ምልክት ማስኬድ ብቻ ነው። ቁጥሮቹ ወደ ድምፅ የሚለወጡበትን ፍጥነት የሚወስነው በዳኩ ውስጥ ያለው ሌላ ክሪስታል ነው፤ እሱም ለ44.1 ኪሎኸርዝና ለብዜቶቹ በአብዛኛው 22.5792 ሜጋኸርዝ፣ ለ48 ኪሎኸርዝና ለብዜቶቹ ደግሞ 24.576 ሜጋኸርዝ ነው። ሁለቱ ክሪስታሎች አይተዋወቁም። በመካከላቸው ሜሞሪ አለ፤ እዚያ የገባ ቁጥር ደግሞ ስንት ናኖሴኮንድ ዘግይቶ እንደደረሰ የሚመዘግብ ነገር የለውም። ስለዚህ በስዊቹ ውስጥ ያለው ክሪስታል የቱንም ያህል ቢያምር ለጆሮዎ የሚያደርስልዎ ጥቅም የለም።

የኤሌክትሪክ ብክለት በኔትወርክ ገመድ በኩል ይገባል የሚሉ ደግሞ አሉ። የኢተርኔት መሰኪያ በውስጡ ትራንስፎርመሮች ያሉበት ሲሆን ደረጃው ራሱ 1500 ቮልት የሚችል መነጠያ እንዲኖር ያስገድዳል። ይህ መነጠያ የሚታለፍበት አንዱ ዋና መንገድ ሺልድ (የብረት ልባስ) ያለው ገመድ ነው፤ ሺልዱ ከሁለቱም ጫፍ በብረት መሰኪያ ከታሰረ የሁለቱን መሣሪያዎች ግራውንድ ያገናኛል። ለቤት ሙዚቃ ተብለው በውድ ከሚሸጡት ገመዶች ብዙዎቹ በሺልዳቸው ብዛት የሚመኩ መሆናቸው ሁልጊዜ ያስቀኛል። ተራው ሺልድ የሌለው ካት ፋይቭ ኢ የሚባለው የኔትወርክ ገመድ በዚህ በኩል ከእነሱ ይሻላል።


የቨርጂኒያው፦

ፓኬት ያስቀመጠውን የኔትወርክ ትምህርት አልቃወምም፤ ከእኔ የተሻለ ያውቀዋል። ነገር ግን «ቢት ያው ቢት ነው» ተብሎ በሩ በሚዘጋበት ጊዜ ሁሉ አንድ ነገር ይቀራል፤ ዩኤስቢ ኢተርኔት አይደለም።

የዩኤስቢ ገመድ ከመረጃው ሽቦዎች ጋር የ5 ቮልት ኃይልና ግራውንድ ይዞ ይሄዳል፤ በመካከልም ትራንስፎርመር የለም። በኮምፒዩተሩ ውስጥ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ውዥንብር ግራውንዱን ይዞ ዳኩ ድረስ ይደርሳል። ከዚህም ሌላ የድምፅ መረጃ በዩኤስቢ ሲላክ የተበላሸው ተመልሶ አይላክም፤ መኖሩ ይታወቃል እንጂ አይታረምም። ዩኤስቢ 2.0 መረጃውን በየ125 ማይክሮሴኮንዱ ስለሚያስተላልፍ በደንብ ባልተሠሩ ዳኮች ላይ በ8 ኪሎኸርዝ ላይ ቀጭን ጩኸት ሲያፈስ በመለኪያ ታይቷል። ይህ ሁሉ እያለ ተጠቃሚዎችን በሙሉ የዋህ አድርጎ ማየት ተገቢ አይመስለኝም።

እኔ በዳኬና በኮምፒዩተሬ መካከል እንዲህ ያለ ማጣሪያ አለኝ፤ ካስገባሁት በኋላ በተለይ የክራርና የሲምባል ድምፅ ለጆሮዬ የለሰለሰ ሆኖ ይሰማኛል። ይህን ላረጋግጥላችሁ አልችልም፤ የማልሰማውን ሰማሁ ብዬ ግን አልጽፍም። «ከሲዲ በላይ የሆነን ጥራት ሰው መለየት አይችልም» ሲባል ብዙ ዘመን ኖረን ነበር። ይሁንና በ2016 እ.ኤ.አ. የለንደኑ የኩዊን ሜሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጆሹዋ ራይስ 18 ጥናቶችንና ከ12,500 በላይ የማዳመጥ ሙከራዎችን አንድ ላይ አድርገው ሲመረምሩ ሰዎች ልዩነቱን ትንሽም ቢሆን በአስተማማኝ ሁኔታ እንደሚለዩ፣ የሠለጠኑ አድማጮች ደግሞ የበለጠ እንደሚለዩ አግኝተዋል። ጆሮ ከምናስበው በላይ ይሰማል።

ጠያቂያችንም ቢሆኑ ጩኸት እየሰሙ ነው። ጩኸት ካለ ብክለት አለ ማለት ነው፤ ስለዚህ ስዊቹን ቢተዉትም ትንሿን ሣጥን እንዲሞክሯት እመክራለሁ።


ሚክሰር፦

በስቱዲዮና በአዳራሽ የድምፅ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ ጠያቂው የገለጹትን ጩኸት እንደ ጎረቤት አውቀዋለሁ። የቨርጂኒያው ወንድማችን ስለ ዩኤስቢ ግራውንድ ያነሱት ትክክል ነው። የማልስማማው ከበሽታው ወደ መድኃኒቱ በተሻገሩበት ላይ ነው።

ባለ ሦስት ሽቦ ቻርጀር ያለው ላፕቶፕ በግድግዳው ሶኬት በኩል ከግራውንድ ጋር ይገናኛል። አምፕሊፋየሩም በራሱ ገመድ ከግራውንድ ጋር ይገናኛል፤ እንዲሁም በዩኤስቢው፣ በዳኩና ወደ አምፑ በሚሄደው የአርሲኤ ገመድ በኩል ሁለቱ እንደገና ይገናኛሉ። በዚህ ጊዜ ክብ መንገድ ተፈጠረ ማለት ነው፤ በክቡ ውስጥ ትንሽ ጅረት ይዞራል፤ ጅረቱም የሙዚቃው ምልክት በሚሄድበት የአርሲኤ ሽቦ ላይ ስለሚያልፍ አምፑ ከሙዚቃው ጋር አብሮ ያጎላዋል። ዝቅ ያለው ማጉረምረም የመብራታችን 50 ኸርዝና ብዜቶቹ ናቸው። ቀጭኑና ማውዙ ሲንቀሳቀስ የሚለዋወጠው ደግሞ ፕሮሰሰሩ ሥራ ሲበዛበትና ሲያንስበት ኃይል የሚስብበት ሁኔታ ነው። ባለ ሁለት ሽቦ ቻርጀርም ቢሆን ከግራውንድ ጋር ሳይገናኝ በውስጡ ባለው ትንሽ ካፓሲተር በኩል ጅረት ያፈሳል፤ ላፕቶፑን ሲነኩ እጅዎን ነዘር የሚያደርግዎ ከሆነ እሱ ነው።

ልብ ይበሉ፤ ይህ ሁሉ የሚሆነው በአናሎጉ ክፍል ነው። ዜሮና አንዱ አልቆሸሸም፤ ሙዚቃው ቆሞም ጩኸቱ ይሰማል። የብር ሽቦ ያለው የዩኤስቢ ገመድ እንደ ተራው ሁሉ ግራውንድ አለው፤ እንዲያውም ብር ከመዳብ የተሻለ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ስለሆነ ክቡን አያቋርጠውም። «የሚያጠሩ» ሣጥኖችም ቢሆኑ አብዛኞቹ 5 ቮልቱን ያጣራሉ፣ ምልክቱንም እንደገና ያስነሱታል፤ ግራውንዱን ግን ከዳር እስከ ዳር አያይዘው ያሳልፉታል። ጠያቂው 180 ዶላር አውጥተው ጩኸቱ እንዳለ ሊቀር ይችላል ማለት ነው።

መጀመሪያ ቻርጀሩን ነቅለው በባትሪ ብቻ ያጫውቱ። ጩኸቱ ከጠፋ ምክንያቱ ታወቀ። ቀጥሎ ላፕቶፑንም አምፑንም ከአንድ ዲቫይደር ላይ ይሰኩ፤ ከተለያየ ግድግዳ ሲመጡ ክቡ ይሰፋል። አንዳንድ ሠራተኞች የቻርጀሩን የግራውንድ እግር ቁረጠው ብለው ይመክራሉ፤ በፍጹም እንዳያደርጉት። መሣሪያው ውስጥ ሽቦ ቢላቀቅ የብረቱ ገላ 220 ቮልት ይዞ ይጠብቅዎታል። ከዱባይ የሚመጣ ባለ ሦስት እግር መሰኪያ በርካሽ አዳፕተር ሲሰካ ግራውንዱ ተቋርጦ የሚቀርበት ጊዜም ብዙ ስለሆነ ይህንንም ቢያስመለክቱ መልካም ነው። ለነገሩ በብዙ ቤቶቻችን ሶኬቱ የግራውንድ ቀዳዳ እያለው ከኋላው ሽቦው የለም፤ ለዚያ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርቶ ማሠራት ከየትኛውም የሙዚቃ ገመድ ይቀድማል።

ወደ ክርክሩ ልመለስ። በዩኤስቢ የተበላሸ መረጃ ተመልሶ አይላክም የተባለው እውነት ነው። ነገር ግን ሲበላሽ የሚሰማው ቷ የሚል ድምፅ ወይም ለቅጽበት መቋረጥ ነው፤ ሲምባሉ አይሻክርም፣ መጋረጃም አይወርድም። ጤናማ በሆነና ከ5 ሜትር በማይበልጥ ገመድ ላይ ደግሞ ይህ እጅግ አልፎ አልፎ ካልሆነ አይከሰትም። ጂተር የሚባለውንም፣ ማለትም የክሎኩን የጊዜ መዛነፍ፣ ብናይ የዶልቢ ባለሙያዎች የነበሩት ቤንጃሚንና ጋነን በ1998 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ጥናት በሙዚቃ ውስጥ መሰማት የጀመረው ወደ 20 ናኖሴኮንድ ገደማ ሲደርስ ነበር። ዛሬ በርካሽ የሚሸጡ ዳኮች እንኳ ከአንድ ናኖሴኮንድ በታች ናቸው፤ በዚያ ላይ አሲንክሮነስ በሚባለው የዩኤስቢ አሠራር ፍጥነቱን የሚወስነው ዳኩ ስለሆነ ኮምፒዩተሩ «ላክ» ሲባል ይልካል፣ «ቆይ» ሲባል ይቆያል።

የራይስ ጥናት የተጠቀሰው በትክክል ነው፤ ሙሉ ቁጥሩ ግን ቢታወቅ ጥሩ ነው። በአጠቃላይ የተገኘው ትክክለኛ መልስ 52.3 በመቶ ሲሆን በግምት ብቻ የሚመልስ ሰው 50 በመቶ ያገኛል። ጥናቱ ያነጻጸረውም ከፍተኛ ጥራት ያላቸውን ቅጂዎች ከመደበኛዎቹ ጋር ነው፤ ማለትም ቁጥሮቹ በእርግጥ የተለያዩ ነበሩ። በሁለት ገመዶች የሚያልፉት ቁጥሮች ግን አንድ ናቸው። ቁጥሮቹ ተለያይተው ልዩነቱ ይህን ያህል ቀጭን ከሆነ ሳይለያዩ ሌሊትና ቀን የሆነ ልዩነት ተሰማ ሲባል እኔ እጠራጠራለሁ። በሌላ በኩል በ2007 እ.ኤ.አ. ማየርና ሞራን በአሜሪካው የድምፅ መሐንዲሶች ማኅበር መጽሔት ያወጡት ሙከራ አለ፤ ከፍተኛ ጥራት ባላቸው ቅጂዎች መንገድ ላይ የሲዲ ደረጃ ያለው መለወጫ አስገብተው አድማጮች እንዲለዩ ጠየቁ፤ ከ554 መልሶች ትክክል የሆኑት 276 ነበሩ። በ2015 እ.ኤ.አ. ላስ ቬጋስ ውስጥ ደግሞ አርስ ቴክኒካ የተባለው የቴክኖሎጂ ድረ ገጽ 340 ዶላር ገደማ የሚሸጥ የኢተርኔት ገመድ ከተራ ገመድ ጋር ሳይታይ ሲያስሞክር ሰሚዎቹ ሊለዩት አልቻሉም። በ2008 እ.ኤ.አ. አካባቢ ዴኖን አንድ ሜትር ተኩል የምትሆን የዚሁ ዓይነት ገመድ፣ ምልክቱ በየት አቅጣጫ እንደሚሄድ የሚያሳይ ቀስት ጭምር አድርጎባት፣ በ499 ዶላር አውጥቶ ነበር፤ ገዢ ሳይሆኑ ሊቀልዱባት የጻፉባት ሰዎች ብዛት እስከ ዛሬ ይነሳል። መረጃው እኮ በሁለቱም አቅጣጫ ነው የሚሄደው።

«ለጆሮዬ የለሰለሰ ሆኖ ይሰማኛል» የተባለውን አልንቅም፤ የሰማውን ሰው አልሰማህም ማለት አይቻልም። የሚጠየቀው ድምፁ ከሣጥኗ መጣ ወይስ ሣጥኗ እንዳለች ከማወቅ መጣ የሚለው ነው፤ ይህን ደግሞ ቤት ውስጥ መለየት ይቻላል። ከቤተሰብ አንድ ሰው እርስዎ ሳያዩ ሳንቲም እየጣለ ማጣሪያውን ያስገባል ወይም ያወጣል፤ የሆነውን ይመዘግባል፤ እርስዎም የሰሙትን ይመዘግባሉ፤ ድምፁ ከፍና ዝቅ እንዳይል ቁልፉ አይነካም፤ ሁለታችሁም እስከ መጨረሻው ወረቀታችሁን አታስተያዩም። 16 ጊዜ ተደርጎ 12 ወይም ከዚያ በላይ ትክክል ከሆነ በግምት ብቻ የመገኘት ዕድሉ 4 በመቶ አይሞላም፤ ያኔ ነገሩ ቁም ነገር ሆኖ ሊታይ ይገባል። መሣሪያውን የሚሸጡት ድርጅቶች ይህን ፈተና ከማንም በላይ በርካሽ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። በማስታወቂያቸው ላይ ውጤቱን ሳይሆን የደንበኞችን ምስጋና የሚያወጡት ለምን እንደሆነ ገዢው ቢጠይቃቸው ደግ ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር ስለ ዘፈኖቹ። ካሴት ሹክሹክታውን የሚቀንስ ማፈኛ ከሌለው ከ50 እስከ 60 ዴሲቤል አካባቢ ብቻ ነው ከራሱ ሹክሹክታ በላይ የሚወጣው፤ ሸክላም ጥሩ ሲሆን ከዚያ ብዙ አይርቅም። የሲዲ ቅጂ 96 ዴሲቤል ይደርሳል። እርስዎ ከሚወዷቸው ዘፈኖች ብዙዎቹ ከዋናው ቴፕ ሳይሆን ካረጀ ሸክላ የተገለበጡ ስለሆኑ የአንዱ ቅጂ ከሌላው መሻል፣ የመርፌው ንጽሕናና የገለበጠው ሰው ጥንቃቄ በግልጽ የሚሰማ ልዩነት ያመጣል። የቅጂ ምርጫ ላይ የሚያጠፉት ጊዜ አይባክንም።


የቨርጂኒያው፦

ስለ ግራውንዱ የተሰጠው ማብራሪያ አሳማኝ ነው፤ ጠያቂያችን ሣጥኗን እንዲሞክሩ የመከርኩት ግራውንዱን እንደማታቋርጥ ሳላመዛዝን ስለሆነ ምክሬን አንሥቻለሁ። የእኔን ማጣሪያ ግን አልጥላትም፤ የሳንቲሙን ፈተና ባለቤቴ ፈቃደኛ ስትሆን እናደርገዋለን።

አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ አሜሪካ ብዙ ሻጮች «ለ30 ቀን ሞክረው ካልወደድከው መልስ» ስለሚሉ መሞከር ብዙ አያስከፍልም፤ የሚያጓጓውም ይኸው ነው። በዘመድ ሻንጣ አዲስ አበባ የገባ ዕቃ ግን መመለሻ የለውም፤ ቀረጥ ተከፍሎበት ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። ስለዚህ እኔ ራሴ የምጠቀምበትን ዓይነት ዕቃ እንኳ ለእርስዎ ግዙ ለማለት አልደፍርም።


የሲኤምሲው አድማጭ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፓኬት ለጠየቀኝ መልሱ ዋይፋይ ነው፤ በቤቴ ውስጥ የኔትወርክ ገመድ የሚባል ራውተሩ ላይ ካለው በስተቀር የለም። የስዊቹ ነገር በዚሁ አበቃ።

ቻርጀሩን ስነቅል ቀጭኑም ዝቅ ያለውም ጩኸት አብረው ጠፉ። በአንድ ዲቫይደር ላይ ሳደርጋቸው ማጉረምረሙ በጣም ቀነሰ፤ ቀጭኑ ግን ቻርጀሩ እስካለ ድረስ ጆሮ ወደ ስፒከሩ ቀረብ ሲል ይሰማል። ለረጅም ሰዓት ስለማዳምጥ በባትሪ ብቻ መቆየት አልችልም፤ መብራት በሚሄድበት ቀን ደግሞ ባትሪውን መቆጠብ አለብኝ። ዳኬ ከዩኤስቢው ሌላ የኦፕቲካል (በብርሃን የሚሠራ) መግቢያ አለው፤ ላፕቶፑ ግን መውጫ የለውም። የእህቴን ልጅ ምን ብዬ ልዘዘው? ስፒከሮቹንስ ብቀይራቸው ይሻላል?


ሚክሰር፦

የኦፕቲካል መግቢያ ካለዎት ነገሩ አለቀ። ብርሃን ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ፣ ዳኩ ኃይሉን ከላፕቶፑ ዩኤስቢ የሚወስድ ካልሆነ፣ ክቡ በዚህ በኩል ይቋረጣል። የእህትዎ ልጅ ከዩኤስቢ ወደ ኦፕቲካል የሚለውጥ ትንሽ መሣሪያና አንድ የቶስሊንክ ገመድ (የኦፕቲካሉ ገመድ ስም ነው) ይዘው ይምጡ፤ ቶስሊንክ ቶሺባ በ1983 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስለሆነ ገመዱ በየትኛውም የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ይገኛል። ለውድ ገመድ ምክንያት የለም፤ ከሁለት ሜትር ያልበለጠ ተራ የፕላስቲክ ፋይበር ይበቃዎታል። በኦፕቲካል መንገድ እስከ 96 ኪሎኸርዝ ያለ ችግር ይሄዳል፤ 192 በአንዳንድ መሣሪያዎች ላይ ያስቸግራል፤ እርስዎ ከሚሰሙት ውስጥ ያን የሚፈልግ ያለ አይመስለኝም።

«ዩኤስቢ አይሶሌተር» የሚባለው ሌላው አማራጭ ነው፤ ይህኛው በስሙ እንደሚያስታውቀው ግራውንዱን በእርግጥ ይነጥላል። ሆኖም ርካሾቹ ብዙ ጊዜ በሴኮንድ 12 ሜጋቢት ብቻ ስለሚያሳልፉ በዩኤስቢ 2.0 ከፍተኛ ፍጥነት የሚሠራ ዳክ ከእነሱ ጋር ላይነሳ ይችላል፤ 480 ሜጋቢት የሚያሳልፉት ደግሞ ዋጋቸው ከፍ ይላል። ኦፕቲካሉ እያለ ወደዚህ መሄድ አያስፈልግም።

ስለ ስፒከር ከመወሰንዎ በፊት ያሉትን ከግድግዳው ትንሽ ራቅ፣ ከሚቀመጡበት ቦታ ጋር ደግሞ እኩል ሦስት ማዕዘን በሚሠራ አቀማመጥ አድርገው ያዳምጡ። ሳሎንዎ ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ባዶ ከሆነ ወፍራም ምንጣፍና መጋረጃ በሚሰማ ሁኔታ ይለውጠዋል። ከዚያ በኋላ ካልረኩ ያን ጊዜ ከሺሁ ዶላር የተረፈው በሙሉ ለስፒከር ይሁን፤ ሲገዙ ግን ሳይሰሙ አይግዙ፣ የሚያውቁትን ዘፈን ይዘው ይሂዱ።

የቶስሊንኩ ገመድ ሲመጣ በሁለቱም ጫፍ ላይ ግልጽ የሆነች ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን አለች፤ ሳያወልቋት አይሰካም፣ በኃይል ሲገፋ ደግሞ የዳኩ በር ይሰበራል። ገመዱንም ከስፒከሩ ኋላ ሲያሳልፉት በጠባቡ አያጥፉት።